በዓይን ላይ የወጣን ጥቁር ነጥብ እንዴት እንከታተል?

በዓይን ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በገላችን ላይ «ማርያም የሳመችው» እንደምንለው ያለ፣ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት በአንድ ስፍራ ተከማችተው የሚፈጥሩት፣ ኔቨስ የሚባል ጉዳት የሌለው ዕጢ ነው። ሆኖም ጥቂቶቹ ከጊዜ በኋላ ሜላኖማ ወደተባለ ካንሰር ሊለወጡ ስለሚችሉ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

በቅድሚያ ሁለቱንም ዓይኖች ይመልከቱ። ቆዳችን ጠየም ያለ ሰዎች ነጩና ጥቁሩ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ዙሪያ ጠፍጣፋ ቡናማ ቀለም ቢታይብን የተለመደ ነው። ኔቨስ ግን በአብዛኛው በአንድ ዓይን ብቻ፣ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይወጣል፤ በጉርምስና ወቅት ትንሽ መጥቆሩም ብቻውን አያስደነግጥም። በአዋቂነት አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ ወይም እያበጠ የሄደ፣ የሚደማ፣ ወፍራም የደም ሥር የሚሄድበት ነጥብ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ለውጥን በትዝታ ማወቅ አይቻልምና ፎቶ ያስነሡ። በቀን ብርሃን፣ በተመሳሳይ ርቀት፣ ሌላ ሰው ያንሣዎት፤ ቀኑንም ይመዝግቡ።

ኔቨስ በዓይን ውስጥም ይወጣል፤ ከሬቲና፣ ማለትም ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ በስተጀርባ ያለው ግን በመስታወት አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ሕመም ስለሌለው የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሲመረመር ነው። ሐኪሙ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ ይለካል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈሩ፣ ከሬቲና ሥር ፈሳሽ መኖሩ፣ በላዩ ላይ ብርቱካናማ ቀለም መታየቱና ለዓይን ነርቭ መቅረቡ ጥብቅ ክትትል የሚጠይቁ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ከሌሉ የተለመደው አካሄድ ከ6 ወር ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት ነው። የመጀመሪያውን ምስልና ልኬት ቅጂ ጠይቀው በእጅዎ ያኑሩት፤ ከተማ ወይም ሐኪም ሲቀይሩ ማነጻጸሪያው እሱ ብቻ ነው። በመሃል ዕይታዎ ከደበዘዘ ወይም ብልጭታ ከታየዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

በቆዳ ላይ ያሉትንም አይርሱ። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር በመሆኑ፣ እግር ሲታጠቡ እነዚህን ስፍራዎች ማየት ይገባል።

ምንም ዓይነት ነጥብ በክር አይቋጥሩ፣ በእሳትም ሆነ በመድኃኒት አያቃጥሉ። ሐኪም ቆርጦ ካወጣውም ሥጋው ለፓቶሎጂ (ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ለማየት) ምርመራ መላኩን ያረጋግጡ።