የመንደር የጋራ ሱቅ በበጎ ፈቃደኞች ሲሠራ፦ ፈረቃ፣ ገንዘብ፣ ዕቃ

የጋራ ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሥራው በሁለትና ሦስት ትጉ ሰዎች ጫንቃ ላይ ወድቆ እነሱ ሲሰለቹ ነው። ወይም ሒሳብ ጎድሎ በመንደሩ ሹክሹክታ ሲጀመር። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ከተጠረጠረ አይመለስም፤ ዘመዱም ጎረቤቱም አብረውት ይቀራሉ። ስለዚህ ማንም እንዳይዝል፣ ማንም እንዳይታማ አድርጎ ሥራውን ማደራጀት ይቀድማል።

ፈረቃ

በመጀመሪያ የሰው ቁጥር አስሉ። ሱቁ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 2 ፈረቃ፣ በየፈረቃው 2 ሰው ይዞ ከተከፈተ በሳምንት 24 ተራ መሸፈን አለበት። ሰው ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢወጣ 24 ሰው ያስፈልጋል፤ ለታመመና መንገድ ለሄደ ተተኪ ሲጨመር ወደ 30 ይጠጋል። ያን ያህል ሰው ካልተገኘ የመክፈቻውን ሰዓት ቀንሱ እንጂ አንዱን ሰው በሳምንት ሦስቴ አታውጡት። ግማሽ ቀን ብቻ ተከፍቶ ሰዓቱን የሚያከብር ሱቅ፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ተብሎ አልፎ አልፎ ተቆልፎ ከሚገኝ ሱቅ በእጅጉ ይሻላል። በር ተዘግቶበት የተመለሰ ገዢ ሌላ ቦታ መግዛት ይለምዳል።

የተራ ዝርዝሩ ከአንድ ወር በፊት ይለጠፍ። መምጣት ያልቻለ ሰው ከተተኪዎች መካከል ራሱ ሰው ፈልጎ ለአስተባባሪው ያሳውቅ። አስተባባሪው የጎደለውን ተራ ሁሉ ራሱ እየሸፈነ ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ እሱም ይጠፋል። ምክትል ይኑረው፣ የሚያገለግልበትም ጊዜ ከመነሻው ይወሰን። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ተራ ይመልከት፣ በሁለተኛው እየታየ ይሽጥ፣ በሦስተኛው ሒሳቡን ራሱ ይዝጋ። ሁለት አዲሶችን አንድ ላይ አትመድቡ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የርክክብ መዝገብ አይታጣ። "ሳሙና 3 ቀርቷል። ሁለት ሰው ባትሪ ጠይቆ አልነበረም። የፍሪጁ በር በደንብ አይገጥምም። ቁልፉን ምክትሉ ወስዷል።" እንዲህ ያሉ አራት መስመሮች ይበቃሉ። "ተጠይቆ ያልነበረ" የሚለው ማስታወሻ በተለይ ወርቅ ነው፤ ቀጣዩን ትእዛዝ ከእሱ ተነስታችሁ ታወጣላችሁ።

ገንዘብ

ለመልስ የሚሆን መነሻ ገንዘብ መጠኑ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ በትናንሽ ኖቶችና በሳንቲም ይቀመጥ። ሲከፈት ሁለቱም ተረኞች ቆጥረው ይፈርሙ። ገዢው የሰጠው ኖት መልሱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ድረስ መሳቢያው ውስጥ አይግባ፣ በግልጽ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። "የሰጠሁህ ትልቁን ነበር" የሚለው ክርክር የሚነሳው ኖቱ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ነው።

ሲዘጋ ሁሉንም ቁጠሩ፣ መነሻውን ቀንሱ፣ የቀረውን ከሽያጭ መዝገቡ ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ የተቆጠረው 3,460፣ መነሻው 500 ቢሆን የቀኑ ሽያጭ 2,960 ነው። መዝገቡ 2,985 ካለ 25 ጎድሏል ማለት ነው። "25 ጎደለ" ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። የጎደለውን ከኪስ መሙላትም፣ የተረፈውን ማንሳትም ክልክል ይሁን። ከኪስ የተሞላ ጉድለት ምክንያቱን ይደብቃል፦ በሁሉም ፈረቃ ትንሽ ትንሽ የሚጎድል ከሆነ የዋጋ ዝርዝሩ አይነበብም ይሆናል፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ያ ሰው በመልስ አሰጣጥ እገዛ ይፈልግ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አስተባባሪው ለብቻው ያነጋግረው፣ በስብሰባ ላይ በፍጹም አይነሳ።

ገንዘቡን የሚቆጥረውና የሒሳብ መዝገቡን የሚይዘው ሰው አንድ አይሁኑ። ከባንክ ገንዘብ ሲወጣ ሁለት ፊርማ ይጠየቅ። ሱቁ ውስጥ ገንዘብ አይደር፤ ባዶው መሳቢያ ተከፍቶ ይደር፣ ሌባ ቢገባ እንኳ እንዳይሰብረው።

ዱቤ ባይኖር ይመረጣል። ተረኛው ጎረቤቱን እምቢ ማለት ይከብደዋልና ውሳኔው የእሱ እንዳይሆን አድርጉ፦ "ዱቤ የማይሰጠው በኮሚቴው ውሳኔ ነው" የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ዋጋ

ከሽያጩ 20 በመቶ ማትረፍ ስትፈልጉ በመግዣው ላይ 20 በመቶ ጨምሮ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። በ80 የተገዛ ዕቃ እንዲያ ሲሰላ 96 ይሸጣል፤ ትርፉ 16፣ ማለትም ከሽያጩ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። ትክክለኛው ስሌት 80ን ለ0.80 ማካፈል ነው፣ 100 ይመጣል። ኪሳራ የሌለበትን ሽያጭ ለማወቅ ደግሞ ቋሚ ወርሃዊ ወጪውን ትርፉ ከሽያጩ ላለው ድርሻ አካፍሉ፦ ወጪው 9,000፣ ድርሻው 18 በመቶ ከሆነ በወር 50,000 መሸጥ ግድ ነው። ብልሽት ሲታከልበት ከዚያም ይበልጣል።

ዕቃ

አከፋፋዩ ዕቃ ሲያመጣ ቆጥራችሁ፣ የተቀደደ ካርቶን ከፍታችሁ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን አይታችሁ ብቻ ፈርሙ። አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይደርደር። ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ በረዶ ቤቱ ከዜሮ በታች 18 ላይ ይሁን፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ቴርሞሜትሩ ተነቦ ይመዝገብ። ቴርሞሜትሩን ከበሩ አጠገብ አታስቀምጡ፣ ፍሪጁንም አየር እስኪያጣ አታጭቁት። የተበላሸ ዕቃ፣ የሚጣልም ሆነ ተረኛው ቤቱ የሚወስደው፣ ይጻፍ። ተረኛ ለራሱ ሲገዛ ሌላው ይሽጥለት።

በወር አንድ ጊዜ ሱቁ ተዘግቶ ሙሉ ቆጠራ ይደረግ። የወሩ መጀመሪያ ዕቃ ላይ ግዢውን ደምሩ፣ የቀረውን ቀንሱ፤ ሁሉም በመግዣ ዋጋ ይሰላ። የሚገኘው ውጤት ከተሸጠውና ተበላሽቶ ከተጻፈው ዕቃ መግዣ ከበለጠ ልዩነቱ ጉድለት ነው። ምክንያቱን ስትፈልጉ ያልተጻፈ ብልሽትን፣ ጎድሎ የገባ ዕቃን፣ የተሳሳተ ዋጋን በቅደም ተከተል አጣሩ። ስርቆት መጨረሻ ላይ ይታሰብ። የወሩን ሽያጭ፣ ወጪና ጉድለት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ማንም እንዲያነበው በሩ ላይ ለጥፉ።