የመነኮሳት አሮጌ መቁጠሪያ እጃችሁ ከገባ፣ መጀመሪያ ቁጠሩት

ሮም ውስጥ አሮጌ መቁጠሪያ መጠገን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሁሉ የምወደው የካቶሊክ መነኮሳትና ደናግል ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረውን ትልቁን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ወዲህ፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ ብዙ ማኅበራት ልብሳቸውን ሲያቀሉ ይሄ መቁጠሪያ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ባለቤቶቹ ሲያርፉ ደግሞ ለዘመድ ይደርሳል፣ ወይ ፖርታ ፖርቴዜ የእሑድ ገበያ ላይ ይወጣል። አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ላይ ያሉ የአገራችን እህቶችም በስጦታ ያገኙታል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያንገበግበኝ «ትርፍ» ፍሬ መቁረጥ ነው።

ሰው የለመደው አምስት ምድብ ያለውን ነው፤ በየምድቡ አሥር ፍሬ። ሰባት ምድብ ሲያይ አንድ ሰው በስህተት የቀጠለበት ይመስለዋል። አይደለም! ባለ ሰባቱ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተከታዮች፣ የፍራንቸስካውያን ማኅበር ነው፤ የእመቤታችንን ሰባት ደስታዎች ያስቡበታል። ባለ ስድስቱ የቅድስት ብሪጊታ ይባላል። ሰባት ምድብ ሆኖ በየምድቡ ሰባት ፍሬ ብቻ ካለው፣ የሰባቱ ሐዘኖች ነው። አሥራ አምስት ምድብ ያለውን ረጅሙን ዶሚኒካውያን በግራ ጎናቸው ያንጠለጥሉታል፤ ሌሎች ማኅበራትም ይይዙታል።

ቁጥሩ እንዲሁ አልመጣም። ከምድቦቹ ውጭ የሚጨመሩትን ይዞ፣ ፍራንቸስካውያኑ ለማርያም 72 ጊዜ ሰላምታ ያቀርባሉ፣ በብሪጊታው 63 ጊዜ ነው። ሁለቱም ስለ እመቤታችን ዕድሜ ብለው ነው፤ ዕድሜዋን የሚቆጥሩት ግን በተለያየ መንገድ ነው። በኛ በኦርቶዶክሱ 64 ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ እያየ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ64ቱ ላይ ሃያውን ቆርጦ የሚጥል አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንዲት እህት ለዓመታት ያስታመመቻቸው ሴትዮ ሲያርፉ፣ የመነኩሲት እህታቸውን መቁጠሪያ ተናዘዙላት። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ተበጥሶ ስለነበር ጠጋኝ ጋ ወሰደችው። ሰውዬው ሳትጠይቀው ሁለት ምድብ ቀንሶ ሰጣት። እኔ ጋ ስትመጣ ሜዳሊያው ላይ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ አለ፣ ምድቡ ግን አምስት ነው። የቀሩት ፍሬዎች የት አሉ አልኳት። ተጥለዋል። ከዞጲ እንጨት የተሠሩ፣ ያቺ መነኩሲት ዕድሜዋን ሙሉ በጣቷ ያለሰለሰቻቸው ፍሬዎች! ሌላ ፍሬ ልሞላበት እችላለሁ። እነዚያን ግን ከየት አመጣለሁ? እባካችሁ፣ ፒንሳ ከማንሳታችሁ በፊት ቁጠሩ። ቁጥሩ ግራ ከገባችሁ ጠይቁ።

ሌላው ሜዳሊያ ላይ የሚጻፈው ዓመት ነው። ተአምረኛዋ በምትባለው ሜዳሊያ ላይ 1830 ተጽፎ ታያላችሁ። ይሄ ሜዳሊያው የተሠራበት ዓመት አይደለም። እመቤታችን ፓሪስ ለቅድስት ካተሪን ላቡሬ የታየችበት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው የተሠሩት በ1832 ነው፣ ዛሬ የሚመረተውም ላይ 1830 ይጻፋል። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሜዳሊያ ላይ በሮማውያን ቁጥር ያለው 1880ም እንደዚያው ነው። እኔም ስጀምር 1830 አይቼ ለአንዲት እናት «የዚያን ዘመን ዕቃ ነው» ብያለሁ። በኋላ ደውዬ አረምኩ። እሳቸው ግን ለልጆቻቸው ሁሉ ነግረው ነበር፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከስቅለቱ እግር ሥር የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ስታዩ አትደንግጡ። «የጥንቆላ ነው» ብሎ በሞረድ ፍቆ ያመጣልኝ ሰው አለ። የአዳም ራስ ቅል ነው እኮ። ጎልጎታ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ነው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ሥዕል ላይም ከመስቀሉ ሥር አዳም አለ።

እንጨቱን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ያብጥና ይሰነጠቃል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ብረቱንም በማንጸባረቂያ አትሹት፣ በመዳሰስ የሳሳው ጽሑፍ ጨርሶ ይጠፋል።

አንገት ላይ አይደረግም። የወገብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሽቦው አይችለውም።

ነጭ ስለሆነ ብቻ የዝሆን ጥርስ ነው አትበሉ። አብዛኛው የከብት አጥንት ነው፤ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለው። እውነትም የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ፣ ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት የሁለቱንም አገር ሕግ ጠይቁ።

የመስቀሉ ጀርባ ላይ ብሎን ካለ አትፍቱት። ውስጡ የቅዱሳን አጽም ሊኖር ይችላል። በካቶሊክ ቀኖና አንቀጽ 1190 መሠረት እንዲህ ያለው አይሸጥም። ቄስ ጋ ውሰዱት።

በመጨረሻ፣ ባለቤቷ ራሷ የጠገነችውን አታፍርሱ። አዲስ ጀማሪዎች ሁሉን አንድ ዓይነት ማድረግ ይወዳሉ፤ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ረጅም መቁጠሪያ መጣልኝ። ከፍሬዎቹ አንዱ ጠፍቶ፣ በቦታው ትንሽ ጥቁር የልብስ ቁልፍ በክር ታስሯል። ክሩ ከመዳሰስ ብዛት ወዝቷል። ያመጣችው ልጅ «ይቀየርልኝ?» አለችኝ። ቁልፉን በጣቷ አስነካኋት። ትንሽ ዝም ብላ «ይቅር» አለች። የላላውን ቀለበት ብቻ አጥብቄ መለስኩላት።