አዳማ ላይ የንግድ ቤት ልትገዙ ነው? አፈሩንም እዩት

ሱቅም ሆነ መጋዘን ስትገዙ ካርታውንና ዕዳ እገዳውን እንደምታጣሩ ሁሉ መሬቱንም አጣሩ። በተለይ ቦታው ድሮ ጋራዥ፣ ማደያ ወይም ባትሪ ቤት ከነበረ። ደላላው ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። የሰፈሩን ነባር ሰዎች ጠይቁ፣ ማን ምን ይሠራበት እንደነበር እነሱ ያውቃሉ።

ከዚያ ሻጩን አስፈቅዳችሁ መኪና ይጠገንበት የነበረውን ጥግ እስከ ጉልበት ድረስ አስቆፍሩ። አፈሩ ጠቁሮ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ወይም ውሃ ሲፈስበት ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ፣ ላቦራቶሪ ሳታስመረምሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ! የባትሪ እርሳስ ደግሞ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም፤ እሱን ያለ ምርመራ አትለፉት። ማደያ ከነበረ የተቀበረው ታንከር መውጣቱን በጽሑፍ አረጋግጡ።

የጉድጓድ ውሃ ካለው ፍሎራይዱን፣ ማለትም ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ማዕድን፣ አስለኩ። ያለነው የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጎርፉን የአዳማ ሰው ያውቀዋል፣ ግድግዳው ላይ የቀረ የውሃ መስመር ካለ ብቻ ልብ በሉ።

ብክለት ከተገኘ ማጽጃውን ማን እንደሚከፍል ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ ይግባ።