የብልሽት መዝገብ እንዴት ይያዛል? ከመዝገቡስ የአይቲ ሙያ መስመር እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቢሮ የአይቲ ባለሙያ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ገና ወንበሩን ሳይስብ ከመዝገብ ቤት «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ»፣ ከፋይናንስ «ኢንተርኔት የለም»፣ ከጽሕፈት ክፍል «ፍላሼ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፋ» የሚል ጥሪ ይደርሰዋል። እስከ 11፡30 ከክፍል ክፍል ሲመላለስ ይውልና ማታ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ተብሎ ቢጠየቅ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ነገር ያጣል። እንዲህ እያለ ሦስትና አራት ዓመት ይነጉዳል፤ የሥራ ልምድ ወረቀቱ ይረዝማል፤ ኔትወርክ ልማር፣ ፕሮግራም መጻፍ ልጀምር ወይስ ሙያውን ትቼ ሌላ ልሞክር የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ይቆያል። በእኔ እምነት ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መደረግ ያለበት አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የየዕለቱን ብልሽት በሥርዓት መዝግቦ መያዝ ነው። ይህ ጽሑፍ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝና የሙያ ምርጫ ከእርሱ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳል።

እኔ ልማዱን የጀመርኩት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት በዕድሜ የገፉ አንዲት ጸሐፊ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ደብዳቤዬ ሁሉ ፈረንጅኛ ሆነብኝ» አሉኝ። ፋይሉን ስከፍተው እውነትም በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና የጥያቄ ምልክቶች ተደበላልቀው ታዩኝ። ቫይረስ ነው ብዬ ደመደምኩና ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግሁት። ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖ ካለቀ በኋላ ያንኑ ደብዳቤ ከፍላሻቸው ላይ ስከፍተው አሁንም ያው ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጧቸው የሁለት ዓመት ደብዳቤዎች ግን አብረው ጠፍተዋል። እትዬ አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው መሳቢያቸውን ከፈቱና የታተሙ ቅጂዎችን አንድ በአንድ መፈለግ ጀመሩ። በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ።

የብልሽቱ ምክንያት ቫይረስ አልነበረም። ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ስለሰጠው፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣ ፎንት ይነበባል። ስለዚህ መፍትሔው ፎንቱን መጫን፣ አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ወደ ሌላ ቢሮ የሚላከውን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነበር። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አንደኛ፣ ደብተሩን ያዘጋጁ

መዝገቡን በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀት ደብተር እንዲይዙ እመክራለሁ፤ መብራት በጠፋበትና ኔትወርክ በተቋረጠበት ሰዓት የሚጻፈው ነገር ከሁሉም ይበልጥ ስለሚፈለግ ነው። በየገጹ ስድስት ዓምዶችን ያስምሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ የሥራ ክፍሉ፣ ተጠቃሚው በራሱ አንደበት የተናገረው፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተወሰደው እርምጃ እና የፈጀው ጊዜ በደቂቃ። የይለፍ ቃል በደብተሩ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም። የባለጉዳይን ሚስጥር የያዘ ፋይል ቢያጋጥምዎም ይዘቱን አይመዝግቡ።

ሁለተኛ፣ አቤቱታውንና ምክንያቱን ለያይተው ይጻፉ

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። «ኢንተርኔት የለም» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በሥሩ ቢያንስ አራት የተለያዩ ብልሽቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ሩቁ መሄድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ጀርባ ኬብሉ በተሰካበት ቦታ ያለችው ትንሽ መብራት መብራቷን ይመልከቱ። ካልበራች ችግሩ ኬብሉ ወይም ስዊቹ (የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን) ነው። ከበራች «አይፒ ኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው አድራሻውን ያንብቡ፤ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለውን መሣሪያ ሳያገኝ ቀርቶ ለራሱ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። አድራሻው ትክክል ከሆነ ራውተሩን (ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን መሣሪያ) ፒንግ ያድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ በትእዛዝ ይጠይቁት፤ ከዚያ ከቢሮው ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን። ራውተሩ መልስ ሰጥቶ 8.8.8.8 ካልሰጠ ከቢሮው የሚወጣው መስመር ላይ ችግር ሊኖር ስለሚችል ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ተገቢ ነው። ሁለቱም መልሰው ገጽ ብቻ አልከፍት ካለ ግን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት) ጉዳይ መሆኑን ይጠርጥሩ።

አንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ «ኢንተርኔቱ በጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይጠፋል» የሚል አቤቱታ ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ የቀደሙትን ሁለት መስመሮች መልሼ አነበብኩ። ሁለቱም ጊዜ ኬብሉን ነቅዬ በመሰካት ብቻ «ተስተካከለ» ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያን ቀን መደርደሪያውን ከግድግዳው አስለቅቄ ስመለከት፣ ከሰዓት የሚገቡት ሠራተኛ ወንበራቸውን ወደ ኋላ በገፉ ቁጥር የወንበሩ እግር ኬብሉን ይጫነው ኖሯል፤ ልባሱ ተልጦ ሰማያዊዋ ሽቦ ተጋልጣ ትታያለች። ያንን ቆርጬ አዲስ ጫፍ ሠራሁለት። ሽቦዎቹ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ኬብሉ ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥም ያስተውሉ፤ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው በሚዘረጋ መስመር ላይ ይህ ልክ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በፍላሽ ላይ የሚመጣውን የሾርትከት ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይያዙት። ተጠቃሚው «ፋይሌ ጠፋ» ይላል፤ በአብዛኛው ግን ፋይሉ ተደብቆ በስሙ ሾርትከት ተተክቷል። አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የተደበቀውን መግለጥ ስለሚቻል ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ከዚያ ደግሞ ቫይረሱ የመጣበትን ኮምፒውተር መፈለግ ይገባል፤ አለዚያ ያው ፍላሽ በሳምንቱ ይመለስብዎታል።

ሦስተኛ፣ የመብራቱን ነገር ለብቻው ይመዝግቡ

ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የጢስ አባይ ጣቢያ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሆኖ የተሠራው ከጣና ሐይቅ በሚወስደው ውኃ ነው። ይሁንና ለኃይል ምንጩ ቅርብ መሆን ቢሮን ከመቆራረጥ አያድነውም፤ መብራት የሚጠፋው ጣቢያው ኃይል አጥቶ ብቻ ሳይሆን በከተማው ውስጥ ባለው መስመርና ትራንስፎርመር ላይ በሚደርስ ችግርም ነውና። በክረምት መብረቅ ሲበረታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ መብራት የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት፣ በዕለቱ የተበላሸ ዕቃ ካለም እርሱን ይጻፉ። ለአንድ ክረምት ያህል ይህን ያደረገ ሰው የትኛው ክፍል ዕቃ እንደሚቃጠልበት በግልጽ ያያል።

የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ባትሪ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ጥቅሙም ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ስለሆነ፣ መብራት እስኪመጣ ሥራ እንዲቀጥሉበት ለተጠቃሚው ተስፋ አይስጡ። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም፤ ቀለሙን በሙቀት ሲያጣብቅ የሚስበው ኃይል ለትንሹ ዩፒኤስ ከአቅሙ በላይ ነው። በቢሮዎቻችን አንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም የውኃ ማፍያውም ተሰክተው ማየት የተለመደ ነው፤ ይህን ሲያዩ በትሕትና ያስረዱና ይለያዩት፣ ከዚያም ይመዝግቡት።

አራተኛ፣ በወሩ መጨረሻ ይቁጠሩ

ይህን የማደርገው ቅዳሜ ከሰዓት ከጣና ዳር ቡና ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ከቢሮው ራቅ ማለት ይረዳል። እያንዳንዱን መስመር በምክንያቱ ከሦስት ክምር ወደ አንዱ ይመድቡ፦ ተጠቃሚውን በማስተማር የሚቀር፣ ዕቃ በመግዛት የሚቀር፣ እና በእርግጥ የባለሙያ እጅ የሚጠይቅ። በእኔ ደብተር ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክምሮች ውስጥ ገባ። ምሬቴ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ ያን ዕለት ገባኝ፤ እኔ ያለ እረፍት የምሮጥለት ሥራ አብዛኛው ሊቀር የሚችል ነበር።

ለመጀመሪያው ክምር በየክፍሉ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ይስጡ፤ ፎንት መጫን፣ ፋይልን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ ፍላሽን በአግባቡ መንቀል ይበቃል። ለሁለተኛው ክምር ለኃላፊዎ የግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉ። «ዩፒኤስ ያስፈልገናል» የሚል ጥያቄ በቀላሉ ይዘለላል፤ «በሐምሌና በነሐሴ በዚህ ክፍል መብራት ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቶ ይህን ያህል የኃይል መስጫ ተቃጥሏል» የሚል ግን የሞዴል 20 የንብረት መጠየቂያውን ፊርማ ያፋጥናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር የማይችሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ዝርዝርም ከዚሁ ማስታወሻ ጋር ያያይዙ።

አምስተኛ፣ መስመርዎን ከሦስተኛው ክምር ይምረጡ

ስድስት ወር ያህል ከመዘገቡ በኋላ የባለሙያ እጅ የጠየቁትን መስመሮች ብቻ ለይተው ያንብቡ። የትኞቹን ሲጽፉ እጅዎ ረዘመ? የትኞቹን ለመፍታት የምሳ ሰዓትዎን ሳያስታውሱ ቀሩ? የእኔ ሁልጊዜ የኬብል፣ የስዊችና የአድራሻ ጉዳዮች ነበሩ፤ ስለዚህ ወደ ኔትወርክ ሄድኩ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ደግሞ ተመሳሳይ የክፍያ ዝርዝር በየወሩ በእጅ ሲሞላ ማየት ያንገበግበው ነበርና በኤክሴል ቀመር ጀምሮ ወደ ዳታቤዝ ገባ። ሁለታችንም ደመወዙን አይተን ብንመርጥ ኖሮ ሁለታችንም ፕሮግራመር ለመሆን በሞከርን ነበር፤ እኔ እንደማይሆንልኝ አውቃለሁ።

ኔትወርክ ለሚመርጥ ሰው ሲሲኤንኤ የሚባለው የሲስኮ የምስክር ወረቀት የታወቀ መነሻ ነው፤ ከተወሰደ በኋላ ለ3 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ መታደስ ይኖርበታል። ለመለማመጃ ስዊችና ራውተር መግዛት አያስፈልግም፤ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። ሰርቨር ለሚመርጥ 8 ጊጋ ባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጭኖ ሊኑክስን ማስኬድ ይቻላል። በቴክኒክና ሙያ ተመርቀው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ያለፉ፣ ወደ ዲግሪ መሸጋገር የሚፈልጉ ደግሞ በፖሊ ግቢ ያለው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርባቸው ነው። የተጠቃሚ ማብራሪያ መስጠቱ ከሁሉ ያስደሰተዎት ከሆነም መምህርነትን ያስቡበት፤ ይህ መስመር ሲናቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ከየትኛውም መስመር በፊት የቦታውን ጉዳይ ያስቡ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየን ሰዎች፣ ከቤት ሆኖ ለሩቅ ቀጣሪ መሥራትን ብቸኛ መተማመኛ ማድረግ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። መጻሕፍቱን፣ ቪዲዮዎቹንና የመጫኛ ፋይሎቹን ኔትወርክ ባለበት ጊዜ አውርደው በውጭ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ። በከተማዋ ያሉ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች፣ የክልል ቢሮዎች፣ የሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ዩኒቨርሲቲው ቦታው ድረስ መጥቶ የሚሠራ የኔትወርክና የሰርቨር ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ግን ወደ አዲስ አበባ መሄድን ቢያስብ አልፈርድበትም።

ስድስተኛ፣ የቤተ ዘመድ ጥሪውን በልክ ያድርጉ

«እስቲ ይችን ስልኬን እያት» የማይል ዘመድና ጎረቤት የለም። እምቢ ማለት ባህላችን አይደለም፤ እኔም አልመክርም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ መድበው «ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ ይዘውልኝ ይምጡ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ የቀሩት ምሽቶች ለልምምድዎ ይቀሩልዎታል።

ሰባተኛ፣ ደብተሩን ወደ ማመልከቻ ይለውጡ

የሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ «ኮምፒውተር እጠግናለሁ» ከማለት ይልቅ ከደብተሩ ሦስት ጉዳዮችን መርጠው አቤቱታው ምን እንደነበር፣ ምክንያቱ እንዴት እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገና ብልሽቱ እንዳይመለስ ምን እንደተሠራ በአራት በአራት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ያጠፉትንም አንድ ጉዳይ ያካትቱ። እኔ ለቃለ መጠይቅ በቀረብኩበት ጊዜ የእትዬን ደብዳቤዎች ታሪክ ስናገር ጠያቂዎቹ ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ፤ ቀጥሎም «ዛሬ ቢሆን በምን ቅደም ተከተል ትሠራው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ከደብተሬ አውቀዋለሁ፦ መጀመሪያ ቅጂ መውሰድ፣ ቀጥሎ ያንኑ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ ፎንቱን መፈተሽ።

ከቢሮው ሲለቁም ለሚተካዎ ሰው የኬብሎቹን መስመር፣ የስዊቾቹን ቦታና በየክረምቱ ዕቃ የሚቃጠልበትን ክፍል የያዙትን ገጾች ኮፒ አድርገው በርክክቡ ሰነድ ላይ አያይዘው ያስረክቡ።