ሽሪምፖቼ ለምን ይሞታሉ? የደሴና የኮምቦልቻ አርቢ የሚገጥሙት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ የሚኖረውን ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ቀዩን ቼሪ ሽሪምፕ ነው፤ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነውና። ክሪስታል የሚባለው ቀይና ነጭ ዝርያ ለስለስ ያለና ወደ አሲድ ያደላ ውሃ ስለሚፈልግ ቼሪውን በደንብ ሳታራቡ አትንኩት። የቼሪ ልክ ይህ ነው፦ ሙቀት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 7.8፣ ጠቅላላ የውሃ ጥንካሬ ወይም ጂኤች ከ6 እስከ 10፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች። ለ10 ሽሪምፕ 40 ሊትር መስታወት ጥሩ ነው። በትንሽ መስታወት ውስጥ ሁሉ ነገር ቶሎ ይለዋወጣል፤ ሽሪምፕ ደግሞ የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው።

ምልክት፦ በመጡ በ3 ቀን ውስጥ አንድ በአንድ ያልቃሉ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽሪምፖቹ ያሉበት ፌስታል የደብረ ብርሃንን ብርድ አልፎ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ደሴ ብርድ ይወጣል። ስለዚህ በፎም ሳጥን ይምጣ። ቤት ሲደርስ ሽሪምፖቹን ከነውሃቸው ወደ ባልዲ ገልብጡ፤ የኤር ፓምፕ ቱቦ ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩና ከመስታወቱ ውሃ በሰከንድ 2 ጠብታ እያንጠባጠባችሁ 2 ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ በመረብ አውጥታችሁ አስገቧቸው፤ የፌስታሉን ውሃ ድፉት።

ይህን አድርጋችሁም ከሞቱ መስታወቱ ገና ዝግጁ አልሆነም ማለት ነው። አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በስፖንጅ ፊልተሩ (በስፖንጅ የተሠራው የውሃ ማጣሪያ) ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በደሴ ብርድ ደግሞ 8 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ውሃው ስለጠራ ብቻ አትመኑት፣ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ለኩ።

ምልክት፦ ትናንት ደህና የነበሩት ዛሬ በሙሉ ሞተዋል

እንዲህ በጅምላ ሲሆን መርዝ ነው። መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ክሎሪን ይሁን። የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ፣ የአየር ድንጋይ (በኤር ፓምፕ ቱቦ ጫፍ የሚገባ አረፋ አውጪ) እየሠራበት፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ባልዲው መስታወቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ሙቀቱም ይመጣጠናል። በረኪና የነካው ባልዲ ለዚህ አይሆንም።

ሁለተኛው ፍሊት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ለትንኝ በብዛት ይነፋል። ኤር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ የተነፋውም ያሰጋል። ሲነፋ ፓምፑን አጥፉ፣ መስታወቱን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አትክፈቱ። የገበያ ቆስጣም ጸረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል ጓሮ የበቀለውን ተጠቀሙ፤ 2 ደቂቃ ቀቅላችሁ የጥፍር ያህል ቁራጭ ስጡ፣ የተረፈውን በማግስቱ አውጡ።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ዚንክ፣ የአንዳንድ ዓሣ መድኃኒት ደግሞ መዳብ ይይዛል፤ ሁለቱም ሽሪምፕ ይገድላሉ። የክረምት ውሃ የምትፈልጉ ከሆነ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ ሜዳ ላይ አስቀምጡ።

መርዝ ከጠረጠራችሁ የቀሩትን ወዲያው ክሎሪኑ ወደወጣለት ሌላ ውሃ አዛውሩ፤ መስታወቱ ውስጥ አክቲቭ ካርቦን (መርዝ የሚመጥ ከሰል) ጨምሩ።

ምልክት፦ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ወጥቶ ይሞታል

ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ጤናማው ሲጥል ቅርፊቱ ከጀርባ በኩል ይሰነጠቅና እንስሳው በአንድ ዝላይ ይወጣል፤ ባዶው ቅርፊት እንደ መስታወት ጠርቶ ከነአንቴናው መሬት ላይ ይቀራል። (አታውጡት፣ ራሳቸው ይበሉታል።) የታመመው ግን በራሱና በሆዱ መካከል ዙሪያውን ይሰነጠቅና ከውስጡ መውጣት ያቅተዋል። ምክንያቱ የካልሲየምና የማግኒዚየም ማነስ፣ ወይም በአንዴ ብዙ ውሃ መቀየር ነው። በሳምንት 10 በመቶ ብቻ ቀይሩ፣ አዲሱንም ቀስ እያላችሁ አንጠባጥቡ። ጂኤች ከ6 በታች ከሆነ ለሽሪምፕ የተዘጋጀ የማዕድን ጨው ጨምሩ፤ ጂኤቹን ግን በሳምንት ከ1 በላይ አታሳድጉ። የእንቁላል ቅርፊት ፒኤቹ ከ7 በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና አትተማመኑበት።

ምልክት፦ ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ይሰበሰባሉ

ኦክስጅን አንሷል፣ ወይም አሞኒያ አለ። በደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ኤር ፓምፑ ቀንም ሌሊትም ይሥራ። መብራት ሲጠፋ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፣ ምግብ አትስጡ። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ይፈስሳል።

ምልክት፦ ይኖራሉ፣ ግን አይዋለዱም

ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ብርዱ ነው። ከ18 ዲግሪ በታች ቼሪ ይኖራል እንጂ እምብዛም እንቁላል አይዝም። ለ40 ሊትር 50 ዋት ማሞቂያ አስገቡና 22 ላይ አድርጉት፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልሉት። ሴቷ ተለቅ ያለች፣ ቀለሟ የደመቀ፣ ሆዷ ወደ ታች የጎበጠ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነገር ከታየ እንቁላሉ እየተዘጋጀ ነው። ከያዘች በኋላ 30 ቀን ገደማ ትሸከማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘች ሴት እንቁላሏን ብትጥል አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

ግልገሎቹ 2 ሚሊሜትር ያህል ስለሆኑ በሞተር ፊልተር ይሳባሉ፤ ስፖንጅ ፊልተር ብቻ ተጠቀሙ፣ ዓሣም አብራችሁ አታኑሩ። ጭብጥ ሙሉ የጃቫ ሞስ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል) አስገቡላቸው፤ መጀመሪያ የሚመገቡት እሱ ላይ የሚበቅለውን ነው። ሞሱን ከሐይቅ ወይም ከቦርከና ወንዝ አታምጡ፤ የውኃ ተርብ እጭ አብሮ ከገባ ግልገሎቹን ይጨርሳል።