ሶሪ ወይስ ኤክስኪዩዝ ሚ? ሰሞኑን ለመጣችሁ

አባቴ ያረፈ ሰሞን ነው። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ስመለስ አብራኝ የምትሠራ ሴት የእረፍት ክፍሉ በር ላይ አገኘችኝና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ አም ሶ ሶሪ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ምን አድርጋኝ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ? ሽፍቴን ወሰደችብኝ እንዴ? ትንሽ አሰብኩና የገባኝ መሰለኝ። «ኖ ኖ፣ ኢት ኢዝ ኖት ዩር ፎልት» አልኳት፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ማለቴ ነው። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቆመች። አባቴን ገደልሽው ያላት ሰው የለም እኮ!

ስህተቱ የመጣው ከአማርኛዬ ነው። እኛ «ይቅርታ» የምትል አንዲት ቃል አለችን፤ እግር ስንረግጥም፣ ሰው መሀል ስናልፍም፣ መንገድ ስንጠይቅም፣ ሳንሰማ ስንቀርም እሷኑ ነው የምናወጣው። እንግሊዝኛው ይሄን ሥራ «ሶሪ» እና «ኤክስኪዩዝ ሚ» ለሚባሉ ሁለት ቃላት አከፋፍሎታል። እኛ ደግሞ ሁለቱንም «ይቅርታ» ብለን ስለተማርናቸው አንዱን በሌላው ቦታ እንወረውራለን። ሰው አይቆጣም፣ ይረዳችኋል። ግን አንዳንዴ እንደ እኔ ታፍራላችሁ።

ልዩነቱን የያዝኩት የቃላቱን ሥር ሳይ ነው። «ሶሪ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» የመጣ ነው። ብዙ ሰው «ሶሮው» ከሚለው ከሐዘን ጋር ዘመድ ይመስለዋል፤ ዘመዱ ግን «ሶር» ነው፣ ቁስል። ስለዚህ «አይ አም ሶሪ» ያለ ሰው ስለ ራሱ ውስጥ ነው የሚያወራው፦ ከፍቶኛል፣ ተሰምቶኛል፣ አዝኛለሁ። ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። «ኤክስኪዩዝ» ደግሞ ከላቲን ነው፤ «ኤክስ» ውጭ ማለት ነው፣ «ካውሳ» ደግሞ ክስ። ከክሱ አውጣኝ፣ ነጻ አድርገኝ እንደ ማለት ነው። ይሄኛው ስሜት አይናገርም፣ ከሌላው ሰው አንድ ነገር ይለምናል። የእኛ «ይቅርታ» ራሷ «ይቅር» ከሚለው የወጣች ስለሆነች፣ ተወው፣ ይለፍ ብላ ስለምትለምን፣ በአሠራሯ ለሶሪ ሳይሆን ለኤክስኪዩዝ ሚ ትቀርባለች። እኔን ገርሞኛል፤ ዕድሜ ልኬን ሶሪ ማለት ይቅርታ ነው ስል ነበርና።

ስትጠራጠሩ ፊቱ «በጣም» ጨምሩበት። «ቬሪ ሶሪ» ይባላል፣ «ሶ ሶሪ» ይባላል፤ ስሜት ይበዛል ያንሳላ። «ቬሪ ኤክስኪዩዝ ሚ» ግን የለም። ሁለት ሆናችሁ ሰው መሀል ስታልፉ ደግሞ «ኤክስኪዩዝ አስ» ትላላችሁ፣ ምክንያቱም ልመናው ለሁለታችሁ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። ሰውን ልታስቸግሩ ስትሉ፣ ገና ሳታስቸግሩት፣ ኤክስኪዩዝ ሚ። ካስቸገራችሁት በኋላ ሶሪ። ባቡር ውስጥ በሩን የዘጋ ሰው አለ፤ ኤክስኪዩዝ ሚ። ልታልፉ ስትሉ ቦርሳችሁ ፊቱን መታው፤ ሶሪ። የማታውቁትን ሰው መንገድ ልትጠይቁ፣ ወሬ ላይ ያሉ ሰዎችን ልታቋርጡ፣ ከስብሰባ ደቂቃ ልትወጡ፤ ኤክስኪዩዝ ሚ። ስታስነጥሱም ኤክስኪዩዝ ሚ ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በቡና ነው። አሳንሰር ውስጥ ስልኬን ላወጣ ስል የወረቀት ኩባያዬ ተዘነበለና አንዲት ሴትዮ ነጭ ካፖርት ላይ ፈሰሰ። እኔ ሆዬ ፈገግ ብዬ «ኤክስኪዩዝ ሚ!»። ሴትየዋ አየችኝ። ካፖርቷን አየች። ከዛ እንደገና እኔን፤ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏት ትጠብቃለች። እኔም ጨረስኩ ብዬ ዝም። አራት ፎቅ ድረስ ዝም። የዚያን ቀን ማለት የነበረብኝ «ኦ፣ አይ አም ሶ ሶሪ» ነበር። ኤክስኪዩዝ ሚ ለትንሽ ነገር ነው፣ ለክርን መነካካት። ለቆሻሻ፣ ለመዘግየት፣ ለተሰበረ ዕቃ አይበቃም።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ «እዚህ ሰው ሲያልፍም ሶሪ ነው የሚለው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እንግሊዞች ሶሪን ለማለፊያም፣ ለመጥሪያም፣ ላልሰማ ጆሮም ይጠቀሙባታል፤ እግራቸውን ረግጣችሁባቸው እነሱ ሶሪ የሚሉበት ጊዜም አለ። አሜሪካኖች ለማለፊያ ኤክስኪዩዝ ሚን ይመርጣሉ። በሁለቱም አገር ግን ቡናውን ከደፋችሁ ያው ሶሪ ነው።

አሁን ወደዚያች የሥራ ባልደረባዬ ልመለስ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። ሶሪ ያለ ጥፋትም ይባላል። ሰው ሲሞትበት «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ማለት የእኛ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ቦታ ላይ የሚገባ ነው። መልሱ «ቴንክ ዩ» ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርም። ሰው ከሥራ ሲቀነስ፣ ፈተና ሲወድቅ «ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ይባላል። ሰውን በኤክስኪዩዝ ሚ ካስቆማችሁት በኋላ ደግሞ «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ» ማከል ትችላላችሁ። እና አንድ ወጥመድ አለ፣ በደንብ ያዟት፦ «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ»። በአማርኛ ስናስበው «አሳዘንከኝ» ነው፣ ደግ ቃል ይመስላል። እንግሊዝኛው ግን ከላይ ወደ ታች የማየት ቃና አለው፤ «አንተ ምስኪን» ዓይነት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊት አትበሏት። «አይ አም ሶሪ» ብቻውን ይበቃል።

ደግሞ ሰው ሲደናቀፍ እኛ ከአፋችን «እኔን!» ነው የሚወጣው። አጠገቡ ሆናችሁ ባዶ «ሶሪ!» ብትሉ ገፍታችሁ የጣላችሁት ሊመስለው ይችላል። «አር ዩ ኦኬ?» በሉት። «እኔን»ን የሚያክል ቃል እንግሊዝኛ የለውም፤ ይሄን ጉድለቱን ታገሡት።

ያልሰማችሁትን ለማስደገም «ሶሪ?» ማለት የትም ያስኬዳል። «ፓርደን?»ም ይሠራል። «ኤክስኪዩዝ ሚ?» ግን ድምፁን ይፈልጋል። ለስለስ ብሎ ከተነሣ «አልሰማሁም» ነው። «ሚ» ላይ ተጎትቶ ቅንድብ ከተነሣ ግን «ምን አልክ አንተ?» ነው። አንዴ የቀድሞ አለቃዬን ቅዳሜ መሥራት አልችልም አልኩት። «ኤክስኪዩዝ ሚ?» አለኝ። ያልሰማ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ደገምኩለት። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሳቃቸውን የያዙበትን ሁኔታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሌላው የድምፅ ነገር። «ኤክስኪዩዝ» መጨረሻው «ዝ» ሲሆን ግስ ነው። መጨረሻው «ስ» ሲሆን፣ «ኤክስኪዩስ»፣ ስም ይሆናል፣ ሰበብ ማለት ነው። አጻጻፋቸው አንድ ስለሆነ በዓይን አትለዩትም። «ኖ ኤክስኪዩስ» ያላችሁ ሰው ሰበብ አልሰማም ማለቱ ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ቃል ከትምህርት ቤት በሚመጣ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ሲቀር ቀሪው ወይ «ኤክስኪዩዝድ» ወይ «አንኤክስኪዩዝድ» ተብሎ ይመዘገባል፣ በምክንያት እና ያለ ምክንያት ማለት ነው። ልጁ ታሞ ቤት ውሎ እናንተ ካላሳወቃችሁ ያለ ምክንያት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ በጠዋት ደውሉ ወይም የትምህርት ቤቱን አሠራር ጠይቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

መኪና የምትነዱ «አደጋ ላይ ሶሪ እንዳትሉ፣ ጥፋቱን ይለጥፉባችኋል» የሚል ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ነገሩ እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2006 የወጣው የካሳ ሕግ፣ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በ2009 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ እዚያ ይቅርታ በመጠየቃችሁ ኢንሹራንሳችሁም አይነካም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ካሊፎርኒያ ግን የሶሪን ሁለት ፊት ለይታ ነው ሕጓን የጻፈችው። በአደጋ ለተጎዳው ሰው ወይም ለቤተሰቡ የተናገራችሁት የሐዘኔታ ቃል በፍትሐ ብሔር ክስ ጥፋታችሁን እንዳመናችሁ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ካላችሁ ግን ያቺ ቃል ከለላ የላትም። ስለዚህ ወርዳችሁ መጀመሪያ «አር ዩ ኦኬ?» በሉ፣ ሰው ከተጎዳ አምቡላንስ ጥሩ። ማን አጠፋ የሚለውን እዚያው አስፋልት ላይ ቆማችሁ አትወስኑት።

በደብዳቤ ሲሆን ቃሉ ይለወጣል። መሥሪያ ቤቶች ሲያጠፉ «አፖሎጃይዝ» ይላሉ፤ ይሄኛው ጥፋትን የሚቀበል፣ ከረባት ያሰረ ይቅርታ ነው። ሥራ አመልክታችሁ «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ከመጣ ግን የቀረውን ባታነቡትም ይሆናል፤ አልተቀበሉም።

መልስ አሰጣጡን ልጨምርና ላብቃ። ለሶሪ «ኢትስ ኦኬ» ወይ «ኖ ፕሮብለም»፣ ለሐዘኑ «ቴንክ ዩ»። ኤክስኪዩዝ ሚ ላለ ሰው መንገዱን መልቀቅ ራሱ መልስ ነው። «ዩ አር ኤክስኪዩዝድ» አትበሉት፤ አስተማሪ ለተማሪ የሚሰጠው ፈቃድ ይመስላል። እኔ ብያታለሁ፤ ያቺኑ ባለ ካፖርት ሴትዮ፣ በሳምንቱ፣ እዚያው አሳንሰር ውስጥ ልታልፈኝ ስትል።