ጣና ዳር ፎቶ ስትነሱ ፊታችሁ እንዳይጠቁር

ከቢቸና ወይም ከደጀን ሜዳ ተነስታችሁ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ሐይቁ ዳር የምታነሱት ፎቶ ላይ ፊት እየጠቆረ ካስቸገራችሁ ስልኩ አልተበላሸም። ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የጓደኛችሁን ፊት በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት። በአብዛኞቹ ስልኮች ብርሃኑ እዚያው ይቆለፍና ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ጉንጩና ዓይኑ ጥርት ብሎ እስኪታይ ምልክቱን በቀስታ ግፉት። ከዚያ አንሱ።

ምክንያቱ ውሃው ነው። የጤፍ ማሳ ላይ ስትቆሙ ከኋላችሁ ያለው መሬት ብዙም አያንጸባርቅም። ጣና ዳር ግን ሰማዩም ውሃውም ያበራል። ስልኩ ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ሁሉንም ይቀንሳል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ፊቱን ስትነኩለት ግን የሚለካው እሱን ነው። ሰማዩ ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፤ የሄዳችሁት ለጓደኛችሁ ነው።

ወቅቱም ያግዛል። ከተማዋ ከጣና በስተደቡብ ስለሆነች፣ ውሃውን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደዚያው ስለምታዘነብል ብርሃኑ ፊት ላይ ያርፋል። እኩለ ቀንን ግን ተዉት፤ ዓይን ያስጨፍናል።

ጀንበር ስትጠልቅ ይሄ ዘዴ አይሠራም፤ የሰማዩን ቀለም ያጠፋዋል። የደንገል ታንኳ በቀዩ ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ እንዲወጣላችሁ ከፈለጋችሁ ሰማዩን ንኩና ብርሃኑን ቀንሱ።